ምጥ ሲጸና ውሳኔው የማን ነው?



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ባልና ሚስት ስምምነት በየወሩ የምንለውን ስትከታተሉ ቈይታችኋል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ሆኖ ሳለ በቤታችን ውስጥ በግልጥ ሲነገር የማይሰማ ነው፤ ይኸውም የጽኑ ምጥ ነገር ነው። ወንዶቹ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለን ከጓዳው በር እንመለሳለን፤ ሴቶቹም በየጎረቤቱ ያዩትን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው ዝም ይላሉ። ስለዚህም ነገሩ በመጣበት ሌሊት ቤተ ሰቡ ሁሉ እንደ እንግዳ ይደነግጣል፤ መካሪው ይበዛል፤ «ተነሡ፣ እንሂድ» የሚል አንድ ሰው ግን ይጠፋል።

ጽኑ ምጥ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ሳለች ምጧ ጸንቶባት ብንያምን ወልዳ መሞቷ በኦሪት ዘፍጥረት በ35ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። አዋላጂቱ አጠገቧ ነበረች፤ የሚያጽናናት ቃልም አልጐደለባትም፤ ያዕቆብ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚወድዳትን ሚስቱን በመንገድ ዳር ቀብሮ ሄደ። ንጉሡ ሕዝቅያስም ኢየሩሳሌም በአሦራውያን ዛቻ በተጨነቀች ጊዜ ወደ ነቢዩ ኢሳይያስ መልእክተኞች ሲልክ ጭንቀቱን የመሰለው ልጅ ሊወለድ ደርሶ የመውለድ ኃይል ባጣች ሴት ነው። አገር ሊጠፋበት የቀረበ ንጉሥ ከዚህ የባሰ ምሳሌ አላገኘም።

ጽኑ ምጥ ስንል ሕመሙ የበረታውን ሁሉ ማለታችን አይደለም፤ የማይበረታ ምጥ የለምና። የምንናገረው መንገዱ ስለ ተዘጋበት ምጥ ነው። ማኅፀን ሥራውን አላቋረጠም፤ በየጥቂት ደቂቃው እየተኰማተረ ይገፋል፤ ሕፃኑ ግን ፈቀቅ አይልም። የሴት ዳሌ በውስጡ እንደ ቀለበት ያለ የአጥንት በር አለው፤ ሕፃኑም አገጩን ወደ ደረቱ ደፍቶ፣ በዚያ በር ውስጥ እየዞረ ያልፋል። በሩ የጠበበ እንደ ሆነ፣ ወይም የሕፃኑ ጭንቅላት ለዚያ በር የተለቀ እንደ ሆነ፣ ወይም በአናቱ ፈንታ በግንባሩ የመጣ እንደ ሆነ፣ ወይም በማኅፀን ውስጥ አግድም የተኛ እንደ ሆነ፣ ምጡ የቱንም ያህል ቢበረታ መንገድ አያገኝም። አጥንት እንደ ሥጋ አይለጠጥምና።

በሩ የሚጠብበት ምክንያት ከምጡ ሌሊት ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ወንድሞቿ ጠግበው ከተነሡበት ገበታ የተረፈውን እየበላች ያደገች ልጅ አጥንቷ በሚገባ አይሰፋም። ደግሞም የሴት ልጅ ዳሌ ቁመቷ ማደጉን ካቆመ በኋላ እንኳ ለጥቂት ዓመታት እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ በ14 ወይም በ15 ዓመቷ «አድጋለች፣ ደርሳለች» የምትባለው ልጅ ለዓይን የደረሰች ትምሰል እንጂ ለመውለድ አልደረሰችም። እኛ በማስተማር ሥራ የቈየን ሰዎች፣ ከዕረፍት ስንመለስ የአንዲት ተማሪ ወንበር ባዶ ሆኖ ስናገኘው «ተዳረች» የሚለውን መልስ ለምደነዋል፤ መልመዳችንም ያሳዝናል። የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ከወጣ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ሕጉን የማያውቅ ወላጅ ከሚኖር ይልቅ እያወቀ የልጁን ዕድሜ የሚጨምር ወላጅ ይበዛል ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ይሁን እንጂ አደጋው የመጀመሪያ ልጅ በምትወልድ ልጃገረድ ላይ ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። «አምስት የወለደች ናት፤ እርሷ ምን ትሆናለች?» የሚለው አነጋገር በየመንደሩ የታወቀ ነው። የሰውነት ሥራ ግን ከዚህ አባባል ጋር አይስማማም። የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት መንገዱ ሲዘጋባት ብዙውን ጊዜ ማኅፀኗ ይደክማል፤ ምጡ እየላላ፣ እየተራራቀ ይሄዳል፤ ጉዳቱም በቀናት መርዘም ይመጣል። ደጋግማ የወለደችው ሴት ማኅፀን ግን መሸነፍን አያውቅም። የተዘጋውን በር ለመክፈት ኃይሉን እየጨመረ ይታገላል፤ የታችኛው ክፍሉ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ይተረተራል።

ይህ ሲሆን በቤት ውስጥ ምን እንደሚታይ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነው። ምጡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨንቃት ያድርና በድንገት ቀጥ ይላል። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች «ተመስገን፣ ተወት አደረጋት፤ እስቲ ትንሽ ትረፍ» ይላሉ። አንዳንዷም ቡና ለማፍላት ትነሣለች። ሴቲቱ ግን ፊቷ ይገረጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃታል፤ የደም ሥሯ አመታት ይፈጥናል፤ ሆዷ ሲነካ ያማታል፤ ሕፃኑም መንቀሳቀሱን ያቆማል። ያ ዝምታ ዕረፍት አይደለም፤ ማኅፀን መተርተሩና ደም ወደ ውስጥ መፍሰሱ ነው። ከዚህ አስቀድሞ የሚታይ ምልክትም አለ፤ ከእምብርቷ በታች ሆዷን አቋርጦ እንደ መቀነት ያለ ሥርጉድ መሥመር ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ሊጠብቅ የሚገባው ነገር የለም።

በሕይወት የተረፈችውም ብትሆን ያለ ጠባሳ ላትተርፍ ትችላለች። የሕፃኑ ጭንቅላት በአጥንቱ በር ላይ ተቀርቅሮ በቈየ ቍጥር በጭንቅላቱና በአጥንቱ መካከል የሚገኘው የእናቲቱ ሥጋ፣ ይልቁንም የፊኛዋ ግድግዳ፣ ይጨፈለቃል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተገንጥሎ ይወድቃልና ቀዳዳ ይተዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ቀንና ሌሊት ይፈስሳል። ፌስቱላ የሚባለው ሕመም ይህ ነው። የእግር ነርቭ ተጨፍልቆባት እግሯን እየጐተተች የምትሄድም አለች። ልጁ በአብዛኛው ሞቶ ይወለዳል። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልጇንም ጤናዋንም ያጣች ሴት፣ ከሽታው የተነሣ ባሏ ሲርቃት፣ ከማኅበርም ከገበያም ስትቀር፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ «ሰው ይታወክብኛል» ብላ ስትሸሽ ታስቡ ዘንድ እንለምናችኋለን። ይህች ሴት የሠራችው በደል የለም፤ ምጧ ረዘመባት እንጂ።

የዚህን ሕመም ሕክምና በአገራችን ያቋቋሙት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናቸው። አዲስ አበባ የገቡት በ1951 ዓ.ም. ሲሆን የመጡትም በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ሆስፒታሉ ስሟን የተሸከመው ልዕልት ፀሐይ ራሷ በእንግሊዝ አገር የነርስነት ትምህርት የተማረች ስትሆን፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በወጣትነቷ ዐርፋለች። በቤተ መንግሥት መወለድም ሆነ የሕክምናን ዕውቀት መያዝ ከዚህ መንገድ አደጋ እንደማያድን ይህ በቂ ምስክር ነው። ሐምሊኖች ለጥቂት ዓመት ብለው መጥተው ዕድሜ ልካቸውን ቀሩ። የአዲስ አበባን ፌስቱላ ሆስፒታል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 መሠረቱ፤ ዶክተር ሬጂናልድ በዚሁ አቈጣጠር በ1993፣ ዶክተር ካትሪን ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በዚሁ ሥራ ቈዩ። በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹ የታከሙት ሴቶች ቍጥር ከ60,000 ይበልጣል።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ተድረው፣ በመጀመሪያ ልጃቸው ለቀናት አምጠው፣ ልጁ ሞቶ፣ እርሳቸውም ቈስለው ወደ ሐምሊኖች መጡ። በሕክምናው ጊዜ የሌሎችን ሕመምተኞች አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥለው በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያም እጃቸውን ከሐኪሞቹ እጅ አጠገብ አድርገው መስፋት ተማሩ። ትምህርት ቤት ያልገቡት እኒህ ሴት በመጨረሻ ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ሐኪሞች የፌስቱላን ቀዶ ሕክምና የሚያሳዩ ሆኑ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ዶክተር ካትሪን ራሳቸው የሚመኙት ሆስፒታላቸው ሥራ የሚፈታበትን ቀን ነበር። የተቀደደ ከመስፋት እንዳይቀደድ መጠበቅ ይቀላልና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ለገጠር የሚሆኑ አዋላጆችን የሚያስተምር ኮሌጅ ከፈቱ።

እንግዲህ ወደ ጓዳችን እንመለስ። ምጥ ሲረዝም በቤት ከሚደረጉት ነገሮች ምንም የማይጐዱ አሉ፤ እጅግ የሚጐዱም አሉ። ተልባ ማጠጣት ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው፤ ማኅፀንን ያሟልጫል ተብሎ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚጠጣ ነገር የሚገባው ወደ ጨጓራ ነው፤ ከጨጓራም ወደ ማኅፀን የሚወስድ በር የለም። ቅቤ መቀባትም ወገብ ያሞቅ ይሆናል እንጂ የዳሌን አጥንት አያሰፋም። ሆድን ከላይ መጫንና በመቀነት አጥብቆ ማሰር ግን የሳሳውን ማኅፀን ለመቅደድ ማገዝ ነው። ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው ከየመደብሩ ተገዝቶ ማንነቱ ባልታወቀ ሰው እጅ የሚወጋውን «የምጥ መርፌ» ነው። ይህ መድኃኒት በሐኪም ቤት በልክና በክትትል ሲሰጥ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መንገዱ በተዘጋበት ምጥ ላይ ሲወጋ ግን በገደል ጫፍ የቆመን በቅሎ እንደ መግረፍ ነው።

የሕፃኑ እጅ ቀድሞ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ እጁን መጐተት ፈጽሞ አይገባም። በኦሪት የትዕማርን መውለድ ያነበበ ሰው ነገሩን ያስታውሳል፤ ከመንታዎቹ አንዱ እጁን አወጣ፤ አዋላጂቱም ቀይ ፈትል አሰረችለት፤ እጁን መልሶ ሰበሰበና ወንድሙ ፋሬስ ቀድሞት ተወለደ። ያቺ አዋላጅ ጥበበኛ ነበረች፤ ምልክት አደረገች እንጂ አልጐተተችም። ጊዜው የደረሰ ሕፃን እጁን አውጥቶ ካልመለሰው በማኅፀን ውስጥ አግድም ተኝቷል ማለት ነው፤ እንዲህ የተኛ ልጅ የሚወለደው በሐኪም እጅ ነው።

የሐኪም እጅ ስንል አንድ ነገር ትዝ ይለናል። በእንግሊዝ አገር ቻምበርለን የሚባሉ ከፈረንሳይ የተሰደዱ ቤተ ሰቦች ነበሩ። የተቀረቀረውን የሕፃን ጭንቅላት በሁለት ወገን ይዞ የሚያወጣውን መቈንጠጫ በ1600 ዓመተ ምሕረት አካባቢ፣ እንደ እነርሱ አቈጣጠር፣ ፈለሰፉ። ከዚያም ከ100 ዓመት በላይ ለማንም ሳያሳዩ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ሠሩበት። ወደ ወላዷ ሲገቡ መሣሪያውን በሣጥን ከድነው ይዘውት ይገቡ ነበር ይባላል። በእነዚያ ዓመታት በሩቅ መንደር ስንት እናት በዚያ ምሥጢር ምክንያት እንደ ሞተች የቈጠረ የለም። በእንግሊዝ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል፤ በአገራችንም የሚያውቀውን መድኃኒት ለልጁ እንኳ ሳያሳይ ይዞት ወደ መቃብር የሚወርድ አዋቂ ስንቱ ነው! ዛሬ ግን በየጤና ጣቢያው ያለችው አዋላጅ ነርስ የምጡን አካሄድ በአንድ ወረቀት ላይ ሰዓት በሰዓት ትመዘግባለች፤ የማኅፀኑን አፍ መከፈት፣ የሕፃኑን የልብ ትርታ፣ የእናቲቱን ሁኔታ በነጥብ በነጥብ ታኖራለች፤ ነጥቦቹ ከሚገባው መሥመር ሲያልፉም ቀዶ ሕክምና ወደሚገኝበት ትልካለች። ከቻምበርለኖች ሣጥን ይልቅ ይህ ማንም ሊያነበው የሚችለው ወረቀት ብዙ ሴቶችን አድኗል ብለን እናምናለን።

ወረቀቱ ግን የሚያገለግለው በጊዜ ለደረሰች ሴት ነው። ሴሪን ታዲየስና ዲቦራ ሜን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1994 ባወጡት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድለውን መዘግየት በሦስት ከፍለውታል፤ ለመሄድ እስኪወሰን ያለው አንድ፣ በመንገድ ላይ ያለው ሁለት፣ ከደረሱ በኋላ እስኪታከሙ ያለው ሦስት። ሁለተኛውና ሦስተኛው በመንግሥትና በሐኪሞች ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል በነበረው ጦርነት ብዙ ጤና ጣቢያ ሲፈርስ፣ መንገድም ሲዘጋ ያየ ሕዝብ ይህን አይስተውም። የመጀመሪያው ግን በእኛ በቤተ ሰቦቹ ላይ ያለ ዕዳ ነው።

ያን ሌሊት በዓይነ ልቡናችን እንየው። ምጡ የያዛት በማታ ነው። አማቷ «ገና ነው» ትላለች። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ «ማርያም፣ ማርያም» ይባላል። ሌሊቱ ይጋመሳል። አንዷ ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ ብላ ብታነሣ «እኛ ሁላችን በዚህ ቤት አልወለድንም ወይ?» የሚል መልስ ይሰጣታል። ሲነጋ ባሏ የለም፤ ወደ ሩቅ ገበያ ሄዷል፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ደግሞ አይሆንም። ባል ሲመጣ አባቷን ሳላማክር ይላል። አባቷ ሲመጡ ገንዘብ የለም፤ በሬ ይሸጥ ወይስ ይበደሩ የሚል ነገር ይነሣል። ሁሉም ይወድዳታል፤ ክፉ የሚመኝላት ከመካከላቸው አንድም የለም። በዚህ ሁሉ መካከል አስተያየት ያልተጠየቀች አንዲት ሰው ብቻ አለች፤ እርሷም የምታምጠው ናት። ቃሬዛው የሚነሣው በሁለተኛው ማታ ነው።

በሐኪም ቤት ስትደርስ ብትሞት ደግሞ መንደሩ «ሐኪም ቤት ገደላት» ይላል። የሚቀጥለውም ቤተ ሰብ ይህን ሰምቶ አብልጦ ይዘገያል። ይህ አሳብ ምን ያህል የተገለበጠ እንደ ሆነ የሚያሳየን በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1976 ጀምሮ፣ ቤታቸው ሩቅ የሆነና አደጋ የሚያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መጥተው በግቢው ውስጥ የሚቀመጡበትን ማቈያ ቤት አቋቋመ። በዚሁ አቈጣጠር ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱት ከ24,000 በላይ ሴቶች መዝገብ ሲመረመር፣ በማቈያው ተቀምጠው ከወለዱት የሞቱት ከ100,000 ወላድ 90 ያህል በሆነ መጠን ሲሆን፣ ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት የሞቱት ግን ከ100,000 ወላድ 1,333 በሆነ መጠን ነበር። ሕንፃው አንድ ነው፤ ሐኪሞቹም እነዚያው ናቸው። «በቀጥታ የመጡት እኮ ቀድሞውኑ የተቸገሩት ናቸው» የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። የሚገድለው ከመድረሳቸው አስቀድሞ ያለፈው ሰዓት ነው። ዛሬ የእናቶች ማቈያ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል፤ ገንፎም የሚገነፋባቸው አሉ።

ጽኑ ምጥ በማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ በእርግጥ የሚናገር ሰው የለም። ዳሌዋ ሰፊ የሆነችው ልትቸገር፣ ቀጭኗ በሰላም ልትገላገል ትችላለች። ስለዚህ መሄድ ያለባት የተቸገረችው ሳትሆን ምጥ የያዛት ሁሉ ናት፤ ጊዜውም ሲጸና ሳይሆን ሲጀምር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅፀን አፍ 5 ሳንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያ ልጅ ለምትወልድ ከ12 ሰዓት፣ ቀድሞ ለወለደች ከ10 ሰዓት ያለፈ ምጥ የተለመደ አለመሆኑን ይገልጣል። ይህን በቤት የሚለካ የለም፤ ማታ የጀመረ ብርቱ ምጥ ሳይወለድ ካነጋ ግን ቀድሞውኑ እንደ ዘገየ ቍጠሩት። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ልጆች በጤና ድርጅት የተወለዱት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 ወላድ 871 የተገመተው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ይህን ያደረገው ሕዝቡ ራሱ ቃሬዛውን ቀደም አድርጎ ማንሣት በመጀመሩ ጭምር ነው።

«ጸሎቱስ ይቀራል ወይ?» የሚሉን አሉ። ማን ይቅር አለ? ፈታሔ ማኅፀን የሚባለው የቅዱስ ሩፋኤል ድርሳን በቤት እንደሚነበብ ሁሉ በጤና ጣቢያው በር ላይም ይነበባል፤ «ማርያም፣ ማርያም» የምትለው ጎረቤትም ቃሬዛውን እየተከተለች ልትለው ትችላለች። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ሊረዳን የሚችለው የንስሓ አባታችን ነው። ገበሬው የጤና ሠራተኛውን ቃል በግማሽ ጆሮ ሲሰማ የንስሓ አባቱን ቃል ቆሞ ይሰማልና። ካህኑ ነፍሰ ጡር ወዳለችበት ቤት ለጠበል ሲገባ፣ ከቡራኬው በኋላ «ምጥ ሲመጣ ወዴት ልትወስዷት አስባችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ጥያቄ ብቻውን አንድ ሌሊት ያተርፋል።

በመጨረሻው ወር ቤተ ሰቡ ተቀምጦ የሚነጋገረው ነገር ብዙ አይደለም። ባል ከቤት ቢርቅ ማን ይወስናል? ለአማቷ ይሁን ወይም ለወንድሟ፣ ከሁሉ ይልቅም ለራሷ ፈቃዱን አስቀድሞ ይስጥ፤ በጎረቤት ፊትም ይናገረው፤ በኋላ «ማን አዘዘሽ» እንዳይባል። የአምቡላንሱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ቍጥር በግድግዳ ላይ በጕልህ ይጻፍ፤ ማንበብ የሚችል ልጅም ያጥናው። መኪና የማይገባበት አገር ከሆነ ለቃሬዛው የሚሆኑ ስምንት ጐልማሶች አስቀድመው ይነገራቸው፤ አራቱ ሲደክሙ አራቱ እንዲተኩ። ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ዘመዶች አብረው ይሂዱ። የእድሩ ገንዘብ ለቀብር ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጥቂቱ ለዚህ እንዲውል ዳኛውን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ለሞተችው ድንኳን የሚተከልበት ገንዘብ በሕይወት ሳለች ለመጓጓዣዋ ቢወጣ የሚቀየም እድርተኛ ይኖራል ብለን አንጠረጥርም።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ባለፈው ልጇ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት «አሁንስ በሰላም እወልዳለሁ» ብላ በቤት መቈየት የለባትም። በማኅፀኗ ላይ ያለው ስፌት በምጥ ጊዜ ሊላቀቅ ይችላል፤ አንዳንዷ በተፈጥሮ መንገድ ልትወልድ ብትችልም ይህ የሚሞከረው የቀዶ ሕክምና ክፍል ባለበት ሆስፒታል ብቻ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ወሯ ሲገባ፣ ምጥ ሳይጀምራት፣ ወደ ማቈያው ትሂድ፤ የቀደመውን የሕክምና ካርዷንም ይዛ ትሂድ።